የኦ.አር.ኤስ. ፓኬቷና የካልካታው የሕፃናት ሐኪም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ሕፃናት ተቅማጥና ስለ ሕፃናት ሐኪሞች የሚጠይቁ ናቸው። ክረምት ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው። ስለዚህ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል። ታሪካቸውን ልጽፍ ስመኝ የኖርኩት ሐኪም ስለሆኑ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ልጄን ተቅማጥና ትውከት ይዞት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። መርምረው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት በውሃ በጠበጡና እዚያው በማንኪያ እንዳጠጣው አደረጉኝ። ከዚያ ሁለት ፓኬትና የዚንክ ክኒን ሰጥተው ወደ ቤት ሸኙኝ። አማቴ በጣም ተቆጡ። «ልጁ እንዲህ ደክሞ ጉሉኮስ እንኳን ሳይሰቅሉለት በዱቄት ሸኙሽ?» አሉኝ። በማግስቱ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነውና ጉሉኮስ ተሰቀለለት። አሁን ደህና ነው። ግን ፓኬቷ አቅም ለሌለው ሰው የሚሰጥ ነገር ናት? ማንስ ነው ያመጣት?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ*

መልስ፦ እንኳን ተሻለው! አማትሽን አትቀየሚያቸው፤ ለልጅ ልጃቸው ሰግተው ነው። እኔ በሕፃናት ክፍል በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ ስሰማው ነው የኖርኩት። ከአያቶች እሰማዋለሁ፣ ከአባቶች እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ከባለሙያ አፍም ሰምቼዋለሁ።

መልሱ ይኸውልሽ። ፓኬቷ የድሃ ሕክምና አይደለችም። ልጅ መጠጣት እስከቻለ ድረስ በአፉ የሚሰጠው ፈሳሽ በደም ስሩ ከሚገባው አያንስም። ጉሉኮስ የግድ የሚያስፈልገው ልጅ አለ። ራሱን የሳተ፣ መጠጣት ያቃተው፣ እጅና እግሩ የቀዘቀዘ፣ የሰጡትን ሁሉ የሚያስመልስ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሲመጣ ደቂቃ አይባክንም። ያንቺ ልጅ ግን በማንኪያ ይጠጣ ነበር። ጤና ጣቢያው ያደረገው ትክክል ነው። መርፌው ደግሞ ዝም ብሎ የሚወጋ ነገር አይደለም። የደረቀ ሕፃን ደም ስር ጠፍቶ የራስ ጠጉሩን እየላጨን ጭንቅላቱ ላይ የፈለግንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ታለቅሳለች። ካላስፈለገ ለምን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ፓኬቷን አንድ ሰው ብቻውን አላመጣትም። ከሐኪም እጅ አውጥተው ለእናት ከሰጡት ሰዎች ግን ከፊት የሚቆሙት አንድ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ኪሾርጋንጅ በሚባል የቤንጋል አካባቢ ተወለዱ። ቦታው ያኔ በእንግሊዝ የምትገዛው ሕንድ አካል ነበር፤ ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ነው። ሕክምና የተማሩት በካልካታ ሜዲካል ኮሌጅ ሲሆን የተመረቁት በ1958 ነው። ከዚያ እንግሊዝ አገር ሄደው በሕፃናት ሕክምና ተጨማሪ ትምህርት ቀሰሙ። ለንደን በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ የሕፃናት ሆስፒታልም በ28 ዓመታቸው ሬጅስትራር የሚባል ከፍተኛ ረዳት ሐኪም ሆኑ። በዚያ ቦታ የተቀመጡ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ነበሩ። እዚያው ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን በ1960ዎቹ ወደ ካልካታ ተመለሱ። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ባቋቋመው የምርምር ማዕከልም ስለ ኮሌራና ተቅማጥ መመራመር ጀመሩ።

ጊዜው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ኮሌራ የያዘው ሰው በሰዓታት ውስጥ ብዙ ሊትር ውሃና ጨው ከሰውነቱ ይወጣል። ውሃ ብቻ ቢያጠጡት አይተካም። ጨው ለብቻውም በታመመው አንጀት አልፎ ወደ ደም አይገባም። ጨው ግሉኮስ ከተባለው ስኳር ጋር በልክ ሲሰጥ ግን ሁለቱ ተያይዘው የአንጀትን ግድግዳ ያልፋሉ፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ሮበርት ክሬን የተባሉ ተመራማሪ ይህን አሠራር በ1960 ይፋ አደረጉ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1953፣ ሄመንድራ ናት ቻተርጂ የተባሉ ሐኪም እዚያው ካልካታ ለኮሌራ ታማሚዎች የሚጠጣ ፈሳሽ ሰጥተው ውጤቱን አሳትመው ነበር። ሰሚ ግን አላገኙም። በ1968 ደግሞ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ በሆነችው በዳካ ሞክረው መሥራቱን አሳዩ።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን በሆስፒታል ነው። ታማሚው አልጋ ላይ ነው፣ ሐኪሙ አጠገቡ ቆሟል፣ የሚጠጣውም የሚወጣውም ይለካል። ብዙ ሐኪሞች ነገሩን ያልተማረ ሰው ይሠራዋል ብለው አላሰቡም።

ከዚያ 1971 መጣ። በመጋቢት ወር መጨረሻ የፓኪስታን ጦር ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው በምሥራቅ ፓኪስታን ዘመቻ ጀመረ። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሕንድ ገባ። ዝናቡ ይዘንባል። መጠለያ የለም፣ ንጹሕ ውሃ የለም። ኮሌራ ገባ።

ዶክተር ማሃላናቢስ የተላኩት ቦንጋዎን ወደተባለች የድንበር ከተማ ነበር። የተሰደደው ሕዝብ እሳቸው ከተወለዱበት ወገን የመጣ ነው። ሆስፒታሉ ሲደርሱ ሁለት ክፍሎች በኮሌራ ታማሚ ሞልተዋል፤ ሰው ወለል ላይ ተኝቷል። በደም ስር ፈሳሽ ለመስጠት ተቅማጥና ትውከት ላይ መንበርከክ ግድ ነበር። ፈሳሹ ራሱ እያለቀ ነው። ከቡድናቸው መርፌውን መትከል የሠለጠኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በሁለት ቀን ውስጥ በዚህ አካሄድ እንደማይችሉት ገባቸው። እህቴ፣ ይህን ያህል ታማሚ በሁለት ሰው እጅ ማለት ምን እንደሆነ በአተት ጊዜ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ወሰኑ። በሊትር 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ቀመሩ ይኸው ነው። ካልካታ በሚገኘው ማዕከላቸው ሠራተኞቹ እየመዘኑ በፕላስቲክ ከረጢት ይሞሉና አፉን በጋለ ብረት ያሽጉታል። ከዚያ በመኪና ወደ ካምፑ ይጫናል። እዚያ በበርሜል ውሃ ይበጠበጣል። በርሜሉ ቧንቧ አለው። እናት፣ ወንድም፣ አጎት፣ ማንም አስታማሚ በኩባያ እየቀዳ የራሱን ሰው ያጠጣል። የሊትሩ ዋጋ የአሜሪካ ሁለት ሳንቲም አይሞላም ነበር።

መጀመሪያ ሰው አላመነም። የእሳቸው ታማሚዎችም ልክ እንደ አማትሽ የሚሰቀለውን ነበር የሚፈልጉት። ከዚያ ግን አጠገባቸው የተኛው ሲነሳ አዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ100 ታማሚ 30 ያህሉ ይሞት ነበር። የሚጠጣው ፈሳሽ ከተጀመረ በኋላ እሳቸው በሚከታተሉት ካምፕ የሞት መጠኑ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ከ3 ሺህ በላይ ታማሚ በዚህ መንገድ ታከመ። አዘገጃጀቱም በባንግላዴሽ ነፃ አውጪዎች የምስጢር ሬዲዮ ሳይቀር ተነገረ።

ውጤቱን በ1973 አሳተሙት። ብዙ ባለሙያዎች ተጠራጠሩ። ሕግና ሥርዓቱን የጠበቀ ጥናት አይደለም አሉ፤ ያለ ሐኪም የተሰጠ ሕክምና እንዴት ይታመናል አሉ። ዲማን ባሩዋ የተባሉ የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ግን ካምፑ ድረስ ሄደው በዓይናቸው አይተው ነበርና ነገሩን አልለቀቁትም። ድርጅቱ በ1978 ዓለም አቀፍ የተቅማጥ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጀመረ። በዚያው ዓመት ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ጨውና ግሉኮስ ተያይዘው አንጀትን የማለፋቸው ግኝት ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ዛሬ ኦ.አር.ኤስ. ከሞት ያተረፋቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል።

እሳቸው ከዚያ በኋላም ከተቅማጥ ሥራ አልወጡም። ለዓለም ጤና ድርጅት በአፍጋኒስታን፣ በግብፅና በየመን ሠሩ። በ1990ዎቹ ዳካ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የተቅማጥ ምርምር ማዕከል የክሊኒካል ምርምር ክፍሉን መሩ። በ2002 የፖሊን ሽልማትን፣ በ2006 የታይላንዱን የልዑል ማሂዶል ሽልማት ከሌሎች የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ተጋሩ። በስተርጅናቸው ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ሥራ ለጀመሩበት ለካልካታ የሕፃናት ጤና ተቋም 10 ሚሊዮን ሩፒ ሰጡ። ጥቅምት 2022 በ87 ዓመታቸው ካልካታ ውስጥ አረፉ። አገራቸው ሁለተኛውን ከፍተኛ የሲቪል ኒሻኗን የሰጠቻቸው ከሞቱ በኋላ፣ በ2023 ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሕይወት እያሉ ቢሰጣቸው ምን ነበረበት?

ለአማትሽ ይህን አንብቢላቸው። ቦንጋዎን ላይ ያ ሁሉ ሰው የዳነው በባለሙያ መርፌ ብቻ ሳይሆን በአስታማሚ እጅ ነው። አያት ማንኪያውን ከያዘች ደግሞ ማን ይበልጣታል? ትዕግሥቱ ያላት እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። የሕፃናት ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረግ እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «ሰርጀሪ ግባ፣ ሕፃናት ውስጥ ብር የለም» ይሉኛል። እርስዎ ከብዙ ሐኪሞች ጋር ሠርተዋል። ጥሩ የሕፃናት ሐኪም በምን ይታወቃል?
*ከጎንደር*

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ብሩ ልመክርህ አልችልም። የቤትህን ችግር አንተ ታውቀዋለህ። ያየሁትን ግን ልንገርህ።

ጥሩ የሕፃናት ሐኪም ገና ልጁን ሳይነካው ብዙ ነገር ያያል። ልጁ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ተኝቶ ከሆነም ሳይቀሰቅሰው፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቆጥራል። ማዳመጫውን ቸኩሎ ደረቱ ላይ የሚለጥፍ ልጁን ያስለቅሰዋል፤ ቆጠራውም ይበላሻል። እርግብግቢቱ ሰርጉዷል ወይ? ሲያለቅስ እንባ አለው ወይ? የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ይመለሳል ወይ? ይህ ሁሉ ላቦራቶሪ አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ እናቲቱን ይሰማታል። «ዛሬ ልጄ ልጄን አልመሰለኝም» የምትል እናት ስትመጣ ጥሩ ሐኪም ብዕሩን ያስቀምጣል። ከእኔ ጋር የሠሩ አንድ ሐኪም ነበሩ። ወረፋው በር ድረስ ደርሶ እንኳን ከእናቶቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ማንኪያውን ራሳቸው ይይዙና እንዴት ጠብ ጠብ እንደሚደረግ ያሳያሉ። ከዚያ ማንኪያውን ለእናቲቱ ይሰጧትና እያዩ ያጠጧታል። «ገባሽ?» ብለው አይጠይቁም። «እስኪ አሳዪኝ» ነው የሚሉት። የእሳቸው ታማሚዎች በማግስቱ ብሶባቸው ሲመለሱ ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ የአገሩን ልማድ ያውቃል። ልጅ ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይባላል። ግግ ያስወጡታል፣ እንጥል ያስቆርጡታል። ተቅማጡን ያባብሳል ተብሎ ጡት ይከለከላል። ይህን የፈጸመች እናት ላይ የሚጮህ ሐኪም በሚቀጥለው ጊዜ አያገኛትም። ቀስ ብሎ የሚያስረዳት ግን ጎረቤቶቿንም ያገኛል። ግግ ማስወጣት ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ጡት ደግሞ በተቅማጥ ጊዜ የበለጠ ነው የሚያስፈልገው። ይህን በጥሩ ቋንቋ የሚነግራት ያስፈልጋታል።

ከላይ የጻፍኩላቸውን ሐኪም ተመልከት። ቦንጋዎን ላይ አዲስ መድኃኒት አልፈለሰፉም። የታወቀ ነገር ነበር። የእሳቸው ድፍረት፣ መማር ያልቻለው ስደተኛ ልጁን ማዳን ይችላል ብለው ማመናቸው ነው። ለእኔ ኖቤል የሚገባው ሥራ ይህ ነበር። አልተሰጣቸውም። ልብህ ወደ ሕፃናት ካዘነበለ ግባ ልጄ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በዚህ ኦ.አር.ኤስ. ታሪክ ውስጥ የእኛ አገር ሰው እጅ አለበት?
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ አለበት ጋሼ፣ ደስ የሚል ነው። ዶክተር ማሃላናቢስ በኋላ የሠሩበትን የዳካውን ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል በዳይሬክተርነት ከመሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ናቸው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን ነበሩ። ዳካ ላይ የሁለቱ ሐኪሞች ጊዜ ተገናኝቷል። ፕሮፌሰሩ በኋላ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ተማሪዎችዎ ይህን ስም ያውቁታል? እጠራጠራለሁ። ማወቅ ግን ነበረባቸው።

የሕፃናት ሕክምና በአገራችን ሌላም ታሪክ አለው። እኛ ያደግንበት ፋፋ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕፃናት ምግብ ትብብር ፍሬ ነው። እሱን ግን ሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሪያድ ነው የምሠራው። የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን እናቴ ናት ወልዲያ አካባቢ የምታሳድግልኝ። ማንበብ አትችልም። ተቅማጥ ሲይዘው በስልክ ምን ልበላት?
*እናት*

መልስ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። በድምፅ ቅጂ ላኪላት፤ ደግማ ደጋግማ ታደምጠዋለች። እንዲህ በያት።

«እማዬ፣ አንዱን ፓኬት ሙሉውን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጪው። ግማሹን አትቆጥቢ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ካልሆነም በውሃ አጋር የታከመ። መለኪያ ከሌለሽ በአንድ ሊትሩ ሃይላንድ ለኪ። ግማሽ ሊትሩ ከሆነ ሁለት ሙሊ። ስኳርም ሌላ ነገርም አትጨምሪ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው። ከአንድ ቀን ካለፈ ድፊውና አዲስ በጥብጪ።

«ባስቀመጠው ቁጥር ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ቀስ እያልሽ በማንኪያ ወይም በስኒ አጠጪው። ቢያስመልሰው አትደንግጪ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቂና እንደገና ጀምሪ፣ አሁን ይበልጥ ቀስ ብለሽ። ምግብ አትከልክይው። ለስላሳ አትስጪው።»

ዚንኩን ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ትቀበል። ለእሱ ዕድሜ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊግራም ክኒን ነው፤ በማንኪያ ውሃ ይሟሟል። ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መጨረስ አለባት፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያቋርጠው። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግማሽ ክኒን ነው።

ፓኬት ጨርሶ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ትበጥብጥ። ማንኪያው ልኩ ይሁን፣ ክምር አይደለም። ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳል። ብጥብጡ ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ትድፋው። ይህ እስከ ጤና ኬላ መድረሻ ነው፤ ፓኬቷ ትበልጣለች። አሁኑኑ ሁለት ሦስት ፓኬት ከጤና ኤክስቴንሽኗ ተቀብላ ቤት ታስቀምጥ።

ዝም ብላ እቤት የማትቀመጥበትንም ንገሪያት። ልጁ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ከከበደው፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ወይም ተቅማጡ ልክ እንደ ሩዝ ውሃ ሆኖ ከወረደ፣ ሌሊትም ቢሆን ትውሰደው። በመንገድ ላይም እያጠጣችው ትሂድ።